ለእንሽላሊቱ ጓደኛ ይገዛለት?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ አፓርታማ የሚኖር አበሻ ቤተሰብ ይታሰብ። ልጁ ለዓመታት ውሻ ሲለምን ኖሯል። የሕንፃው ውል ውሻ አይፈቅድም፤ እናትየው ደግሞ የድመት ፀጉር አይስማማትም። በመጨረሻ የተስማሙት በመስታወት ሳጥን ውስጥ በሚኖር አንድ እንሽላሊት ነው። ቡናማ ነው፣ ክንድ ያህላል፣ አንገቱና ጎኑ ላይ እሾህ የመሰለ ቅርፊት ደርድሯል፤ ሲቆጣ ጉሮሮውን ነፍቶ ጥላሸት ያስመስለዋል። እንግሊዝኛው "ቢርድድ ድራገን" ይለዋል፤ በአማርኛ ጢማም እንሽላሊት ቢባል አይከፋም። ከዚያ አያት ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት "ይህን ነገር ከቤት አውጡልኝ" ነው። እውነታቸውን ነው፤ ባደጉበት ሰፈር እንሽላሊት በመጥረጊያ የሚሸኝ እንጂ መብራት በርቶለት የሚቀለብ እንስሳ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልባቸው ይራራል።

"ብቻውን ተጎልቶ ሲውል አያሳዝናችሁም? ጓደኛ ግዙለት እንጂ።"

"እማማ፣ እሱ ብቻውን መሆን ነው የሚወደው።"

"ማን ነገረህ?"

የአያት ጥያቄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ውሻ ያላዝናል፣ ዶሮ ትንጫጫለች፣ በግ ከመንጋው ሲለይ አገር ይያዝልኝ ይላል። እንሽላሊት ግን ደስ ሲለውም ሲታመምም ፊቱ ያው ነው፤ ድምፁም አይሰማም። ስለዚህ ከፍቶታል ወይስ አልከፋውም የሚለውን የሚፈርደው ተመልካቹ ነው፤ ተመልካቹም የሚፈርደው በራሱ ሆድ ነው። "ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባለ ላደገ፣ ቡና እንኳ ያለ ጎረቤት አልወርድ ለሚለው ሰው፣ ብቻውን የተቀመጠ ፍጡር ሁሉ የተቀጣ ይመስለዋል። ይህ ርኅራኄ የአበሻ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊውም አሜሪካዊውም የመጀመሪያውን እንሽላሊት በገዛ በወሩ "ሁለተኛ ልጨምርለት?" ብሎ ይጠይቃል።

መልሱ "አይጨመርለት" ነው። ምክንያቱ ግን ከአንድ የመስታወት ሳጥን ያለፈ ነገር ስላለው ዘርዘር ብሎ ቢታይ ይሻላል።

"ማን ነገረህ?" ለሚለው የመጀመሪያው ምስክር የእንሽላሊቱ አገር ነው። ጢማም እንሽላሊት የአውስትራሊያ የመሀል አገርና የምሥራቁ ደረቅ መሬት ነዋሪ ነው። እዚያ የአጥር ምሰሶ ወይም የወደቀ ግንድ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል። ወንዱ ክልል ይይዛል። ሌላ ወንድ ሲመጣ ጉሮሮውን አጥቁሮ ራሱን በፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ደካማው ደግሞ አንድ የፊት እግሩን አንስቶ በዝግታ ያወዛውዛል፤ "ተሸንፌያለሁ፣ አትንካኝ" እንደማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም በድንጋይና በካብ ላይ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ሰማያዊ እንሽላሊት ያላየ የለም፤ የጢማሙ የሩቅ ዘመድ ነው፣ ሳይንስ ሁለቱንም በአንድ ቤተሰብ ይመድባቸዋል። ይህን በልጅነቱ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ጠቡ ረጅም አይደለም። አንዱ ይሄዳል።

"አንዱ ይሄዳል" የሚለው ነው ቁልፉ። የእነዚህ እንስሳት ሰላም የቆመው በመተቃቀፍ ላይ ሳይሆን በመራራቅ ላይ ነው። ተሸናፊው እጁን አወዛውዞ ሌላ ምሰሶ ይፈልጋል፤ መሬቱም ሰፊ ነው። አሁን ያው ተሸናፊ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ይህ ለአንድ ጎልማሳ እንሽላሊት ብዙውን ጊዜ እንደ ዝቅተኛ መጠን የሚመከር ነው። እጁን ያወዛውዛል፤ ሽንፈቱን ይቀበላል፤ መሄጃ ግን የለውም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ዓመቱን ሙሉ በአሸናፊው ዓይን ሥር ነው። በሰው ቋንቋ ይህ ጓደኝነት አይባልም።

ሁለተኛው ምስክር ሙቀት ነው። እንሽላሊት የራሱን ሰውነት ከውስጥ አያሞቅም፤ ሙቀት የሚበደረው ከፀሐይ ነው፣ በቤት ውስጥ ደግሞ ከአምፖል። በደንብ የተዘጋጀ ሳጥን አንዱ ጫፍ 40 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሌላው ጫፍ ወደ 25 ዲግሪ ይወርዳል። እንስሳው በሁለቱ መሀል እየተመላለሰ ራሱን ያስተካክላል። የበላው ፌንጣ የሚፈጨው በዚያ ሙቀት ነው። በሽታ የሚቋቋመውም በዚያው ነው። ከአልትራቫዮሌት መብራቱ የሚያገኘው ጨረር ደግሞ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ፣ በዚያም ካልሲየም እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ያ ሲጎድል መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ባጭሩ በሳጥኑ ውስጥ ትልቁ ሀብት ምግብ አይደለም፤ መብራቱ ሥር ያለችው አንዲት ድንጋይ ናት።

እዚህ ላይ ነው ያ የታወቀው ፎቶ የሚመጣው። ሁለት እንሽላሊቶች አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ ተኝተዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ሥሩ ላይ ቀይ ልብ ተለጥፏል። "እንዴት ቢዋደዱ ነው!" ይባላል። ሥዕሉን ከመብራቱ በኩል ላየው ግን ሌላ ነው። ከላይ ያለው መብራቱን ይዟል፤ ከታች ያለው ጥላ ሥር ነው። አሸናፊው ድንጋይዋ ላይ የወጣው ሌላው ስላለ ሳይሆን ሌላው እያለም ነው። ሁለቱ ተጣብቀው የሚተኙት ጥሩ ቦታ አንድ ስለሆነ ነው፤ የምሽት ታክሲ ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡ ተሳፋሪዎችን ቤተሰብ ናቸው ብሎ እንደመገመት።

አያት ዶሮ አርብተው የሚያውቁ ከሆነ ነገሩን ለማስረዳት ቀላል ነው። ቆጡ ላይ ከፍ ያለችውን ቦታ የምትይዘው ማን ናት? አዲስ ዶሮ ከገበያ መጥታ ከነባሮቹ ጋር ስትቀላቀል ምን ይገጥማታል? ጥሬ ሲበተን የመጀመሪያዋ ማን፣ የመጨረሻዋ ማን ናት? ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢስ? ይህን የማያውቅ ገጠር የለም። ልዩነቱ ዶሮ መንጫጫቷ ነው፤ ባለቤቷ ሰምታ ትለያያለች። ዶሮ ደግሞ ከነጥሏም ቢሆን የመንጋ እንስሳ ናት፤ ብቻዋን ስትሆን ትጎሳቆላለች። ጢማሙ እንሽላሊት የዶሮዋን ጠብ ይዞ የዶሮዋን መንጋ አያስፈልገውም፤ ጩኸትም የለውም።

ስለዚህ ጉዳቱ በዝምታ ነው የሚደርሰው። ደም ላይታይ ይችላል። አንዱ ቀድሞ ይበላል፣ ሌላው የተረፈውን ይለቅማል። አንዱ ቀኑን መብራት ሥር ይውላል፣ ሌላው ቀዝቃዛው ጥግ ይደበቃል። ቀዝቃዛ ሆድ አይፈጭም፤ የማይፈጭ ሆድ አይራብም፤ ባለቤቱም "ይቺኛዋ ምግብ አትወድም" ይላል። ከስድስት ወር በኋላ አንዷ ክብደቷ የጎልማሳ፣ ሌላዋ የጫጩት ይሆናል። ሁለቱን በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን የሚመዝን ሰው ይህን ቀድሞ ያያል፤ የሚመዝነው ግን ጥቂቱ ነው። ልጅ እንሽላሊቶች በብዛት በአንድ ሳጥን ሲታጨቁ ደግሞ ጉዳቱ ዓይን ያወጣል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ፌንጣ ይመስላቸዋልና የጓደኛቸውን ጣትና የጅራት ጫፍ ይነክሳሉ። የብዙ እንሽላሊት ጅራት ተቆርጦ ይበቅላል፤ የጢማሙ ግን አይበቅልም። የተነከሰው እንደተነከሰ ይኖራል።

"እሺ፣ ጾታ እንምረጥ" የሚል አይጠፋም። ሁለት ወንድ ከሆኑ ጠቡ ግልጽ ነው። ወንድና ሴት ሲሆኑ ነገሩ የሚያምር ይመስላል፤ የሚጎዳው ግን እሱ ነው። ወንዱ ማዳቀል ሲፈልግ የሴቷን አንገት በጥርሱ ይይዛል፤ በሰፊው ሜዳ እሷ ትሸሻለች፣ በሳጥን ውስጥ በየቀኑ ትያዛለች። አንዴ ከተጠቃች የወንዱን ዘር በሰውነቷ አቆይታ ደጋግማ መጣል ትችላለች። በአንድ ጊዜ 20 እና ከዚያም በላይ እንቁላል ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ እንቁላል ካልሲየም ከራሷ አጥንት የሚበደር ነው። እንቁላሉ አልወጣ ብሎ የሚሞቱ አሉ። ሁለት ሴት ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ነው ይባላል፤ እውነትም ጠቡ ያነሰ ነው። ከመብራቱ ሥር ያለችው ድንጋይ ግን ሁለት አልሆነችም።

ደግሞስ ሴት መሆኗን ማን ያረጋግጣል? በጨቅላነታቸው መለየት አስቸጋሪ ነው። "ሁለት እህትማማች" ተብለው ተገዝተው በዓመታቸው አንዷ ጉሮሮዋን አጥቁራ ወንድ ሆና ትገኛለች። የዚህ እንስሳ ጾታ ነገር ሳይንቲስቶችንም ሲያስገርም የኖረ ነው፤ እንቁላሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲታቀፍ በዘረ መሉ ወንድ የሆነው ሴት ሆኖ ይፈለፈላል፣ ይወልዳልም። ይህ በዱር ውስጥም እንደሚከሰት "ኔቸር" መጽሔት ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሱቅ ሠራተኛ ቃል ብቻ ይዞ "ሁለት ሴት ገዛሁ" ማለት እንግዲህ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

በሽታውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ለዚህ ዝርያ የታወቀ አዴኖቫይረስ አለ፣ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ አለ፤ ሁለቱም በኩስ ይተላለፋሉ። ደህና የሚመስለው አዲስ እንግዳ የቆየውን ይዞት ሊወድቅ ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች አዲሱን ለብዙ ሳምንታት ለብቻው አቆዩት የሚሉት ለዚህ ነው። ለማቆያ ሁለተኛ ሳጥን የገዛ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚያቀላቅላቸው ማሰብ አለበት።

ከወዲያኛው ወገን የሚነሳው ክርክር ግን በንቀት የሚጣል አይደለም። "እኔ ሁለቱን ለሰባት ዓመት አብሬ አኖርኩ፣ አንድ ቀን አልተጣሉም" የሚል ብዙ ሰው አለ፤ አይዋሽም። ጥያቄው ምን ለክቶ ነው የሚለው ነው። ጠብ አለመኖሩ ቁስል አለመኖሩን ይነግራል እንጂ አንደኛው በፍርሃት አለመኖሩን አይነግርም። ተሳቢ እንስሳት ሕመምን በመደበቅ የታወቁ ናቸው፤ በዱር ታማሚ መምሰል መበላት ነውና። የአራዊት ማቆያዎችም በቡድን ያኖሯቸዋል ይባላል። አዎ፣ ሰፊ ቦታ፣ ብዙ መብራት፣ የሚከታተል ሠራተኛ፣ ሲጣሉ የሚለዩበት ሌላ ክፍል ይዘው።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ክርክር ከቤተ ሙከራ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ በሆነ ጥናት የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲና የአጋሮቹ ተመራማሪዎች አንድ የሠለጠነ ጢማም እንሽላሊት የሽቦ በር ከፍቶ ምግብ ሲያገኝ ለሌሎቹ በቪዲዮ አሳዩ። ያዩት አስመስለው ከፈቱ፤ ያላዩት አልቻሉም። ተሳቢ እንስሳ ሌላውን ዓይቶ በማስመሰል ይማራል የሚለው ነገር ያን ጊዜ ትልቅ ዜና ነበር። ታዲያ እርስ በርስ የሚማማር እንስሳ ማኅበራዊ አይደለም? አይደለም፤ ቢያንስ ከዚህ ተነሥቶ አይባልም። የጎረቤቱን እንቅስቃሴ ነቅቶ የሚከታተል ሁሉ ጎረቤቱን የሚወድ ቢሆን ኖሮ የድንበር ጠብ የሚባል ነገር ባልኖረ። ጥናቱ የሚያሳየው ሌላው እንስሳ ለእሱ ዕቃ እንዳልሆነ ነው፤ ያየዋል፣ ያጤነዋል። እንዲህ የሚያጤን ፍጡር ከአለቃው ጋር ዕድሜ ልኩን መቆለፉ ይበልጥ ያሳስባል እንጂ አያጽናናም።

ከርኅራኄው ጀርባ ገንዘብም አለ። የእንሽላሊቱ ዋጋ ከሳጥኑ፣ ከመብራቱ፣ ከሙቀት መቆጣጠሪያው ሲነጻጸር ትንሹ ነው። አልትራቫዮሌት መብራቱ ብቻ እየበራ ጉልበቱ ስለሚደክም በየጊዜው ይቀየራል። ስለዚህ "ሁለተኛ ልግዛ" የሚል ደንበኛ ትክክለኛው ምክር ቢሰጠው የሚሰማው "እንግዲያው ሁሉንም ነገር እጥፍ ግዛ" የሚል ነው፤ ብዙው ይተወዋል። "በአንድ ሳጥን ይኖራሉ" ሲባል ግን ይገዛል። ሻጩ ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ይበቃዋል። ሱቁ ውስጥ ያለው ትርኢት ራሱ ይናገርለታል፤ አንድ ደርዘን ልጅ እንሽላሊት አንድ ሳጥን ውስጥ ተነባብረው ያየ ደንበኛ አብሮ መኖር ልማዳቸው ነው ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ሕግ እዚህ ላይ ምን ይላል? ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ማኅበራዊ የሆኑ እንስሳት ከመሰሎቻቸው ጋር መገናኘት አለባቸው አለች፤ ጊኒ ፒግን ብቻውን ማኖር በዚያ አገር ክልክል ነው። ዓለም ይህን በፈገግታ ተቀባበለው፤ ዜናው ያምራል፣ ብቸኝነትን የከለከለች አገር! ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ግን ብዙም ያልተወራለት አንድ ሐረግ ይዟል። ባለቤት ሊያሟላቸው ከሚገቡ አምስት ፍላጎቶች አንዱ እንስሳው ከሌሎች ጋር፣ ወይም ከሌሎች ተለይቶ፣ የመኖር ፍላጎቱ ነው። "ተለይቶ" የምትለው ቃል መግባቷ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ መሆን ጉድለት ብቻ ሳይሆን እንደ ውኃና እንደ ምግብ የሚሟላ ፍላጎት ሊሆን እንደሚችል በሕግ ተጻፈ ማለት ነው።

የተጻፈው ግን ሱቁ ድረስ ሲወርድ ይሳሳል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ የቤት እንስሳ ሻጭ ፈቃድ እንዲኖረው፣ ለገዢውም ስለ አያያዙ ማስረጃ እንዲሰጥ ያዛል። ጥሩ ነው። ሆኖም ደንበኛው ወረቀቱን የሚያነበው ቤቱ ገብቶ፣ ሁለቱን እንሽላሊቶች አንድ ሳጥን ውስጥ ካስገባ በኋላ ነው፣ ካነበበው። ተቆጣጣሪ የሚመጣው ደግሞ እግር ከጎበጠ፣ ጅራት ከተበላ በኋላ ነው። በሳጥኑ መስታወት ላይ ከዋጋው ጎን "ይህ እንስሳ ብቻውን የሚኖር ነው" ብሎ በደማቁ መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም። የሲጋራ ፓኮ ላይ ሳንባ ለመለጠፍ የደፈሩ መንግሥታት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢያስገድዱ ማንንም አይጎዱም፤ የሚቃወም ሻጭ ካለም ለምን እንደሚቃወም ሁሉም ይረዳዋል።

ነገሩን የሚያመር ሌላም አለ። አውስትራሊያ እነዚህን እንስሳት ለንግድ ወደ ውጭ እንዲወጡ አትፈቅድም፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ሱቅ ያሉት ትውልድ በትውልድ በምርኮ የተፈለፈሉ ናቸው። አገራቸውን ያዩ አይደሉም። "ታዲያ ለምደዋል" ይባላል። ጉሮሮ ማጥቆሩን፣ ራስ መነቅነቁን፣ እጅ ማወዛወዙን ግን አልረሱትም። መስታወቱ ላይ የራሱን ምስል ዓይቶ ጢሙን የሚያጠቁር ወንድ ብዙ ነው።

ሁለት ያለው ሰው ምን ያድርግ? ለዩአቸው፤ ለነገ የሚባል አይደለም። ሁለተኛ ሳጥን፣ ሁለተኛ መብራት፣ ሁለተኛ የማሞቂያ ድንጋይ ያስፈልጋል። ሳጥኖቹ ጎን ለጎን ከሆኑ በመሀላቸው ካርቶን ይግባ፤ በመስታወት መተያየቱም ይረብሻቸዋል። አቅሙ ከሌለ አንዱን በሚገባ ለሚይዝ ሰው መስጠት ያሳፍራል ተብሎ ይታሰባል፤ ከስቶ ጥግ የተደበቀውን ዓይቶ ዝም ማለት ይበልጥ ሊያሳፍር ይገባል።

ወደ ሜሪላንዱ አፓርታማ እንመለስ። እናትና አባት ማለዳ ሥራ ይወጣሉ፣ ልጁ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይይዛል፤ ከሰዓት በኋላ እስኪመለሱ ቤቱ ውስጥ ያሉት እንሽላሊቱና አያት ናቸው። ጎረቤት የሚያንኳኳ የለም። ረከቦቱ ከመሳቢያ አልወጣም። "ብቻውን ተጎልቶ ሲውል አያሳዝናችሁም?" ያሉት እንዲህ ያለ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ልጁ ሁለተኛ እንሽላሊት አልተገዛለትም። የእኩለ ቀኑን ጎመን ቆርጦ መስጠት ግን የአያት ሥራ ሆኗል፤ ቅዳሜ ደግሞ እናትየው ሁለት ጎረቤቶች ለቡና ጠርታለች።